አርዱኢኖው መብራቱ በርቶ ሳለ ኮምፒውተሩ ለምን አያየውም?

በአርዱኢኖ ወይም እሱን በመሰለ፣ ኮድ በሚጫንበት አነስተኛ ቦርድ ኤሌክትሮኒክስ መማር የጀመረ ሰው፣ ይዋል ይደር እንጂ ከአንድ ችግር ጋር መፋጠጡ አይቀርም። ትናንት ያለ እንከን ይሠራ የነበረው ቦርድ ዛሬ ከኮምፒውተሩ ጋር አልግባባ ይላል። አንዳንዴ የቦርዱ ፖርት ከዝርዝሩ ውስጥ ይጠፋል፤ አንዳንዴ ፖርቱ እየታየ ኮዱ አልጫን ይላል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ኮዱ ተጭኖ ጥቂት እንደሠራ ግንኙነቱ በመሃል ይቋረጣል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርጉት ኮድ የሚጽፉበትን ሶፍትዌር አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው። ይህ ግን በመጨረሻ ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነው፤ ምክንያቱም ሦስቱ ምልክቶች የሚጠቁሙት ሦስት የተለያዩ ቦታዎችን ሲሆን፣ ሶፍትዌሩ ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው።

አርዱኢኖ እ.ኤ.አ. በ2005 በሰሜን ጣሊያን በምትገኘው ኢቭሪያ ከተማ፣ ኤሌክትሮኒክስ ላልተማሩ የዲዛይን ተማሪዎች ታስቦ የተጀመረ ሥራ ነው። ዛሬ በስፋት የሚታወቀው ኡኖ የተባለው ቦርድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ንድፉ ለማንም ክፍት በመሆኑ በርካታ አምራቾች ተመሳሳዩን እየሠሩ በርካሽ ይሸጣሉ። እነዚህ ቦርዶች ላይ ላዩን ሲታዩ መንታ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚለያዩት ከኮምፒውተሩ ጋር በሚያገናኛቸው ክፍል ላይ ስለሆነ፣ ለአንዱ የሠራው መፍትሔ ለሌላው ላይሠራ ይችላል።

ኮምፒውተሩና ቦርዱ የሚነጋገሩት እንዴት ነው?

በኡኖ ላይ የእኛን ኮድ የሚያስኬደው ዋናው ቺፕ አቲሜጋ328ፒ ይባላል። ይህ ቺፕ ዩኤስቢ የሚባለውን ነገር ጨርሶ አያውቅም። የሚያውቀው ሲሪያል የሚባለውን ቀላል የመገናኛ ዘዴ ነው፦ አንዱ ሽቦ ይልካል፣ አንዱ ይቀበላል፣ ፍጥነቱን ሁለቱም ወገኖች አስቀድመው ይስማሙበታል። ኮምፒውተሩ በበኩሉ በዚያ ሶኬት በኩል የሚናገረው ዩኤስቢን ብቻ ነው። ቋንቋቸው ስለማይገናኝ በመካከላቸው አስተርጓሚ ተቀምጧል፤ እሱም በዩኤስቢው ሶኬት አጠገብ ያለው ሁለተኛው ቺፕ ነው። በመደበኛው ኡኖ ላይ ይህ አስተርጓሚ አቲሜጋ16ዩ2 የሚባል ቺፕ ሲሆን፣ በርካሾቹ ቦርዶች ላይ በአብዛኛው ሲኤች340 የተባለው የቻይና ቺፕ ነው። በቆዩ ቦርዶች ላይ ደግሞ ኤፍቲዲአይ የተባለው ኩባንያ ቺፕ ይገኛል።

ኬብሉ በተሰካበት ቅጽበት የሚከናወነውን በቅደም ተከተል ማወቅ የችግሩን ግማሽ ይፈታል። በመጀመሪያ የ5 ቮልት ኃይል ወደ ቦርዱ ይገባል፤ የኃይል ምልክቷ ኤልኢዲም ትበራለች። ቀጥሎ በአስተርጓሚው ቺፕ በኩል ያለ 1.5 ኪሎ ኦም የሆነ ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚገድብ ክፍል) ከሁለቱ የመረጃ ሽቦዎች የአንዱን ቮልቴጅ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ኮምፒውተሩ በሶኬቱ ላይ አንድ ነገር እንደተሰካ የሚያውቀው በዚህ ነው። ከዚያም «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቺፑም የአምራቹንና የምርቱን መለያ ቁጥሮች ይመልሳል። መደበኛው ኡኖ 2341 እና 0043 ብሎ ሲመልስ፣ ሲኤች340 ያለበት ቦርድ 1ኤ86 እና 7523 ይላል። ኮምፒውተሩ በእነዚህ ቁጥሮች ተመርቶ ተስማሚውን ድራይቨር፣ ማለትም ያንን ቺፕ የማነጋገር መመሪያ የያዘውን አነስተኛ ሶፍትዌር፣ ይፈልጋል። ድራይቨሩ ሲገኝ ብቻ ነው በዊንዶውስ «ኮም3» ወይም «ኮም5»፣ በሊኑክስ ደግሞ «ቲቲዋይኤሲኤም0» ወይም «ቲቲዋይዩኤስቢ0» የሚል ስም ያለው ፖርት የሚፈጠረው።

እንግዲህ ፖርት ማለት ሶኬቱ አይደለም፤ ይህ ሁሉ ቃለ ምልልስ ሲሳካ የሚሰጥ ስም ነው። ስሙ ከዝርዝሩ ከጠፋ ንግግሩ ከዚያ በፊት ባለው ደረጃ ላይ ተቋርጧል ማለት ስለሆነ፣ በኮዱ ውስጥ ስህተት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

መብራቱ በርቶ ፖርቱ የማይታየው ለምንድን ነው?

መብራቱ የሚመሰክረው ኃይል መግባቱን ብቻ ነው። በተለመደው የዩኤስቢ ኬብል ውስጥ አራት ሽቦዎች አሉ፦ ሁለቱ ለኃይል፣ ሁለቱ ለመረጃ። ለቻርጅ ብቻ ተብለው የሚሠሩ ርካሽ ኬብሎች ግን የመረጃዎቹን ሁለት ሽቦዎች ጭራሹን አይዙም፤ ከውጭ ሲታዩም ከሌላው አይለዩም። ቦርዱ በእንዲህ ዓይነቱ ኬብል ሲሰካ መብራቱ ይበራል፣ ቀድሞ የተጫነበትን ኮድ ያስኬዳል፣ ኮምፒውተሩ ግን መኖሩን እንኳ አያውቅም። የኡኖ ኬብል የፕሪንተር ኬብል ስለሆነ በሚሠራ ፕሪንተር ላይ ሰክቶ መሞከር ይቻላል፤ ትንሽ ሶኬት ያላቸውን የሌሎች ቦርዶች ኬብል ደግሞ ፋይል የሚያስተላልፍ ስልክ ወይም ሌላ ዕቃ ላይ ሰክቶ ማረጋገጥ ነው። ኬብሉ ደህና ከሆነ በላፕቶፑ ላይ ሌላ ሶኬት መሞከር፣ በተለይም በመሃል የገባ ማከፋፈያ ካለ አውጥቶ በቀጥታ መሰካት ያስፈልጋል።

በዊንዶውስ ላይ ቀጣዩ ምርመራ የሚካሄደው «ዲቫይስ ማናጀር» በተባለው መስኮት ነው። መስኮቱን ከፍቶ ኬብሉን እየነቀሉና እየሰኩ ዝርዝሩን መመልከት ብቻ በቂ ነው። ቦርዱ ሲሰካም ሲነቀልም ዝርዝሩ ምንም ካልተነቃነቀ፣ ኮምፒውተሩ ያንን የ1.5 ኪሎ ኦም ምልክት እንኳ አላየውም፤ ስለዚህ ጥርጣሬው ኬብሉ፣ ሶኬቱ ወይም የሞተ አስተርጓሚ ቺፕ ላይ ይወድቃል። «ያልታወቀ የዩኤስቢ መሣሪያ» የሚል ጽሑፍ ከስህተት ቁጥር 43 ጋር ከመጣ፣ ኮምፒውተሩ አንድ ነገር መሰካቱን አውቆ ማንነቱን ቢጠይቅም ትክክለኛ መልስ አላገኘም። ይህ ዘወትር የሚጠቁመው የላላ ሶኬት፣ የተጎዳ ኬብል ወይም የታመመ ቺፕ ነው። ስሙ ወጥቶ ቢጫ ምልክት ከስህተት ቁጥር 28 ጋር ከታየ ግን ነገሩ ቀላል ነው፤ ቦርዱ ማንነቱን ተናግሯል፣ የጎደለው ድራይቨር ብቻ ነው። ቁጥር 43ን በድራይቨር ለመፍታት ቀኑን የሚያባክን ሰው ብዙ ነው፤ ሁለቱን ቁጥሮች ለይቶ ማንበብ ይህን ልፋት ያስቀራል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ከቦርዱ ጋር በብሬድቦርድ (ሽቦዎች ያለ ብየዳ በሚሰኩበት ሰሌዳ) የተያያዘውን ሽቦ በሙሉ መንቀል ይበጃል። የ5 ቮልቱ መስመር ከግራውንድ (ኃይሉ ከሚመለስበት መስመር) ጋር በአንድ የተሳሳተ ሽቦ ሾርት ካደረገ፣ ኮምፒውተሩ ራሱን ለመከላከል የሶኬቱን ኃይል ሊያቋርጥ ይችላል። በኡኖ ላይ ደግሞ ከ500 ሚሊ አምፒር በላይ ሲሳብ የሚሞቅና የሚዘጋ ፊውዝ አለ። ይህ ፊውዝ እንደ ቤት ፊውዝ ተቃጥሎ የሚቀር አይደለም፤ ሲቀዘቅዝ ራሱን ይመልሳል። ስለዚህ ቦርዱ ሞቷል ብሎ ከመደምደም በፊት ነቅሎ ጥቂት መታገስ ተገቢ ነው።

ድራይቨሩ የት ይጠፋል?

ዊንዶውስ 10 እና ከዚያ ወዲህ የመጡት መደበኛውን ኡኖ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ይለዩታል። ሲኤች340 ያለበትን ቦርድ ግን ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት ካለው ድራይቨሩን ራሱ ፈልጎ ሊያመጣ ይችላል፤ ኢንተርኔት በሌለበት ክፍል ውስጥ ሲሆን ያው ቢጫው ምልክት እንደተገተረ ይቀራል። በአንድ የሥልጠና ክፍል ውስጥ የአንዱ ተማሪ ቦርድ ሠርቶ የጎረቤቱ አልሠራ የሚለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የድራይቨሩን ፋይል አስቀድሞ በፍላሽ ይዞ መምጣት መምህሩን ከብዙ ጣጣ ያድነዋል።

በሊኑክስ ላይ የእነዚህ ቺፖች ድራይቨር ከመሠረቱ አብሮ ስለሚመጣ የሚጎድል ነገር የለም፤ ያሉት ወጥመዶች ሌሎች ናቸው። የመጀመሪያው የፈቃድ ጉዳይ ነው፦ በኡቡንቱና በመሰሎቹ ላይ ተጠቃሚው «ዳያላውት» በተባለው ቡድን ውስጥ ካልገባ ፖርቱን ያየዋል እንጂ ሊከፍተው አይችልም። ቡድኑ ውስጥ ከገባም በኋላ ወጥቶ እንደገና ሎግ ኢን ማድረግ አለበት፤ ይህችን የመጨረሻ እርምጃ የሚዘነጋ ሰው ጥቂት አይደለም። ሁለተኛው ወጥመድ የበለጠ ግራ ያጋባል። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ለዓይነ ስውራን የብሬይል ማሳያዎች ተብሎ የሚጫን ቢአርኤልቲቲዋይ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ አንዳንድ የብሬይል መሣሪያዎች ተመሳሳይ አስተርጓሚ ቺፕ ስለሚጠቀሙ፣ ፕሮግራሙ የ1ኤ86 እና 7523 መለያን ሲያይ የራሱ መሣሪያ መስሎት ይይዘዋል። ተጠቃሚው የሚያየው ፖርቱ ለአፍታ ብቅ ብሎ ሲሰወር ነው። የብሬይል መሣሪያ የማይጠቀም ሰው ፕሮግራሙን ቢያስወግደው ችግሩ ወዲያው ይፈታል።

አስተርጓሚው ቺፕ ራሱ አስመስሎ የተሠራ ሊሆንም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 በዊንዶውስ ዝማኔ በኩል የተሰራጨ የኤፍቲዲአይ ድራይቨር፣ አስመስለው የተሠሩ ቺፖችን ሲያገኝ የምርት መለያ ቁጥራቸውን ወደ 0000 ይለውጠው ነበር። ምንም ያላጠፋ ገዢ የነበረው ቦርድ በአንድ ሌሊት «ጠፋ»፤ ከብዙ ቅሬታ በኋላም ያ ድራይቨር ከዝማኔው ወጣ።

ፖርቱ ይታያል፤ ታዲያ ኮዱ ለምን አይጫንም?

እዚህ ደረጃ ላይ ኬብሉም፣ አስተርጓሚውም፣ ድራይቨሩም ነጻ ወጥተዋል። የቀረው ከዋናው ቺፕ ጋር የሚደረገው ንግግር ነው።

በዋናው ቺፕ ማህደር ጫፍ ላይ ቡትሎደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ተቀምጧል። ሥራው ቺፑ እንደነቃ ለአጭር ጊዜ ጆሮውን አቁሞ መስማት ነው፤ በዚያ ፋታ ውስጥ አዲስ ኮድ ከመጣለት ይቀበላል፣ ካልመጣ የቀድሞውን ኮድ ያስጀምራል። ስለዚህ ኮድ ለመጫን ኮምፒውተሩ ቺፑን በትክክለኛው ቅጽበት መቀስቀስ አለበት። ይህን የሚያደርገው አስተርጓሚው ቺፕ በ100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር (ጥቂት ኃይል የሚያጠራቅም ክፍል) በኩል ወደ ሪሴት መስመር፣ ማለትም ቺፑን እንደ አዲስ ወደሚያስነሳው መስመር፣ በሚልከው አጭር ምት ነው። ቅስቀሳው ካልደረሰ፣ ወይም ደርሶ ቺፑ የሰማው በሌላ ፍጥነት ከሆነ፣ ሶፍትዌሩ ደጋግሞ ይጣራና «ኖት ኢን ሲንክ» የሚለውን የታወቀ የስህተት መልእክት ይጽፋል። መልእክቱ የሚለው «ጠራሁ፣ የሚገባኝ መልስ አላገኘሁም» ብቻ ነው፤ ምክንያቱን አይናገርም።

ለዚህ መልእክት ከተለመዱት ምክንያቶች ቀዳሚው የቦርድ ምርጫ ነው። ናኖ በተባለው አነስተኛ ቦርድ ላይ ያለው አሮጌ ቡትሎደር በሰከንድ በ57600 ቢት ፍጥነት ሲያዳምጥ አዲሱ በ115200 ያዳምጣል። ዛሬም የሚሸጡ ብዙ ርካሽ ናኖዎች አሮጌውን ይዘው ስለሚመጡ፣ በሶፍትዌሩ ዝርዝር ውስጥ «ኦልድ ቡትሎደር» የሚለውን መምረጥ ብቻውን ችግሩን ይፈታዋል። ሁለተኛው ምክንያት በቦርዱ ጠርዝ ካሉት የሽቦ መሰኪያዎች (ፒኖች) ውስጥ በፒን 0 እና በፒን 1 ላይ የተሰካ ነገር ነው። እነዚህ ሁለት ፒኖች ዋናው ቺፕ ከአስተርጓሚው ጋር የሚነጋገርባቸው መስመሮች ራሳቸው ናቸው፤ የብሉቱዝ ወይም የሲም ካርድ ሞጁል ከተሰካባቸው ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ እንደሚያወራበት መስመር ይሆናሉ። ኮዱ እስኪጫን ድረስ ሞጁሉን መንቀል ይገባል። ሦስተኛው የተሳሳተ ፖርት መምረጥ ነው፤ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ለብሉቱዝ የሚሰጧቸው ፖርቶች በዚያው ዝርዝር ውስጥ ስለሚሰለፉ በቀላሉ ያሳስታሉ።

መልእክቱ «አክሰስ ኢዝ ዲናይድ» የሚል ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። አንድን ፖርት በአንድ ጊዜ ሊይዘው የሚችለው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። በሌላ መስኮት የተከፈተ የሲሪያል ማሳያ (ከቦርዱ ጋር ጽሑፍ የምንለዋወጥበት መስኮት)፣ ወይም ፖርቶችን እየዞረ የሚፈትሽ የ3ዲ ፕሪንተር ሶፍትዌር ይዞት ይሆናል፤ ያንን መዝጋት በቂ ነው።

ከሁለቱ ቺፖች የታመመው የትኛው እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?

ይህን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሁለት አጫጭር ሽቦዎች ይበቃሉ። በአንደኛው ሽቦ «ሪሴት» የሚለው ፒን ከግራውንድ ጋር ይያያዛል። ዋናው ቺፕ በዚህ ሁኔታ እንደተኛ ስለሚቆይ በንግግሩ ውስጥ አይገባም። በሁለተኛው ሽቦ ፒን 0 ከፒን 1 ጋር ይገናኛል። ከዚያ የሲሪያል ማሳያው ይከፈትና «ሰላም» ወይም ማንኛውም ቃል ተጽፎ ይላካል። የተላከው ቃል በአስተርጓሚው በኩል ወጥቶ፣ በሽቦው ዞሮ፣ ተመልሶ በመስኮቱ ላይ ከታየ ከኮምፒውተሩ እስከ ፒኖቹ ያለው መንገድ በሙሉ ጤነኛ ነው፤ ሕመሙ ያለው በዋናው ቺፕ ወይም በቡትሎደሩ ላይ ነው። በቦርዱ ላይ «አርኤክስ» የምትለዋ መብራት ብልጭ ብላ ቃሉ ሳይመለስ ከቀረ ሽቦው በትክክለኛዎቹ ፒኖች ላይ መሆኑን ደግሞ ማየት ነው፤ ከዚያም በኋላ ዝም ካለ ጥርጣሬው ወደ አስተርጓሚው ይዞራል።

የዋናውን ቺፕ ትንፋሽ ለማዳመጥ ደግሞ ሽቦዎቹን ነቅሎ የሪሴቱን ቁልፍ መጫን ነው። ቡትሎደሩ በሕይወት ካለ በፒን 13 ላይ ያለችው «ኤል» የተባለችው መብራት ቁልፉ እንደተለቀቀ ቶሎ ቶሎ ትርገበገባለች። ምንም ካላሳየች ቡትሎደሩ ተበላሽቷል ወይም ጠፍቷል ብሎ መጠርጠር ይቻላል።

ሲሠራ ቆይቶ በመሃል የሚቋረጠውስ?

እዚህ ላይ አስቀድሞ መለየት ያለበት ግንኙነቱ ነው የተቋረጠው ወይስ ቦርዱ ነው እንደ አዲስ የተነሳው የሚለው ነው። በኮዱ መጀመሪያ ላይ «ጀመርኩ» የሚል ጽሑፍ እንዲወጣ ማድረግ ይህን ይለያል። ጽሑፉ በየመሃሉ ደጋግሞ ከታየ ቦርዱ ኃይል እያጠረው እንደገና እየተነሳ ነው፤ ጽሑፉ ሳይደገም ፖርቱ ከዝርዝሩ ከወጣ ግን የተበጠሰው የዩኤስቢው መስመር ነው። የሲሪያል ማሳያው ሲከፈት ቦርዱ አንድ ጊዜ መነሳቱ ግን ጤናማ ነው፤ ያው የሪሴት ምት ነው።

በሁለቱም ዓይነት ዋናዎቹ ተጠርጣሪዎች ሞተሮችና ሪሌዎች (በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ ማብሪያ ማጥፊያዎች) ናቸው። ሞተር ሲነሳ ለአፍታ የሚስበው ኃይል ሲሽከረከር ከሚስበው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ከቦርዱ 5 ቮልት ላይ በቀጥታ ከተቀጠለ ቮልቴጁን ጎትቶ ያወርደዋል። የሪሌ ኃይል ሲቋረጥ ደግሞ በውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል የሚተፋው ከፍተኛ ቮልቴጅ የዩኤስቢውን መስመር ያውካል። ሊኑክስ ይህን ሲያይ በመዝገቡ ውስጥ ፖርቱ በኤሌክትሮማግኔቲክ ረብሻ ሳይዘጋ እንዳልቀረ ጠቁሞ ይጽፋል። መፍትሔው ለሞተሩ የራሱን ኃይል መስጠት፣ ሁለቱን ግራውንዶች ማገናኘት፣ በጥቅሉ ግራና ቀኝ 1ኤን4007 የመሰለ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ክፍል) ማስገባት፣ እንዲሁም የዩኤስቢውን ኬብል ከሞተሩ ሽቦ ማራቅና ማሳጠር ነው።

በመስኮቱ ላይ ዝብርቅርቅ ፊደል መታየት ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነው። ኮዱ በ9600 እየላከ ማሳያው በ115200 እያነበበ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱን ቁጥሮች ማስተካከል ይበቃል። ቁጥሮቹ እኩል ሆነው ዝብርቅርቁ ከቀጠለ ደግሞ በ8 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራ ቦርድ በሶፍትዌሩ 16 ተብሎ ተመርጦ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

አስተርጓሚ የሌላቸው ቦርዶች

ሊዮናርዶና ማይክሮ የተባሉት ቦርዶች አቲሜጋ32ዩ4 የተባለውን ቺፕ ስለሚጠቀሙ ዋናው ቺፕ ራሱ ዩኤስቢ ይናገራል። ይህ ጥቅም ቢኖረውም የራሱ መዘዝ አለው፦ የጫንነው ኮድ ቺፑን ካፋዘዘው ዩኤስቢውም አብሮ ይፈዛል፤ ፖርቱም ይጠፋል። ብዙ ደህና ቦርዶች «ተቃጥሏል» ተብለው የሚጣሉት በዚህ ነው። ሪሴቱ ሲጫን፣ በአንዳንድ አምራቾች ሥራ ላይ ደግሞ በፍጥነት ሁለት ጊዜ ሲጫን፣ ቡትሎደሩ ለ8 ሰከንድ ያህል ብቻውን ስለሚሠራ ፖርቱ ብቅ ይላል። ሶፍትዌሩ «አፕሎዲንግ» የሚለውን ሲጽፍ ሪሴቱን ተጭኖ በዚያች ፋታ ውስጥ ባዶ ኮድ መጫን ቦርዱን ይመልሰዋል። በዚያ ፋታ የሚታየው ፖርት ቁጥር ከተለመደው ሊለይ እንደሚችልም ማወቅ ይገባል።

ፍተሻው ሁሉ ካልሠራ ቦርዱ ይጣላል?

ሁልጊዜ አይደለም። የተበላሸው ቡትሎደሩ ከሆነ ሌላ ደህና ኡኖ እንደ መጻፊያ ሆኖ ሊጽፍለት ይችላል። የደህናው ቦርድ ፒን 10 ከታመመው ሪሴት ጋር፣ ፒን 11፣ 12 እና 13 ከአቻዎቻቸው ጋር፣ 5 ቮልቱና ግራውንዱም እንዲሁ ይያያዛሉ፤ በደህናው ላይ «አርዱኢኖ አዝ አይኤስፒ» የሚለው ኮድ ከተጫነበት በኋላ ራሱ በመሃል እንዳይነሳ በሪሴቱና በግራውንዱ መካከል 10 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ይገባበታል።

የሞተው አስተርጓሚው ቺፕ ከሆነ ከውጭ የሚገዛ የዩኤስቢ ወደ ሲሪያል መቀየሪያ ቦታውን ይተካል፤ የመቀየሪያው መላኪያ ከፒን 0፣ መቀበያው ከፒን 1፣ ግራውንዱ ከግራውንድ ጋር ይያያዛል። በኡኖ ላይ በሁለቱ ቺፖች መካከል 1 ኪሎ ኦም የሆኑ ሬዚስተሮች ስላሉ የሞተው ቺፕ መስመሩን አፍኖ የመያዝ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ዋናው ቺፕ ራሱ ከሞተና ቦርዱ ረጅሙ ባለ 28 እግር ቺፕ በሶኬት ላይ የተቀመጠበት ዓይነት ከሆነ፣ ቺፑን በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ቀስ ብሎ ነቅሎ ቡትሎደር የተጫነበትን ሌላ መተካት ይቻላል፤ በሚተከልበት ጊዜ በጫፉ ላይ ያለችው የግማሽ ክብ ምልክት ሶኬቱ ላይ ካለችው ጋር መግጠሟን ማየት ያስፈልጋል።